ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ጥበብ ስለሚመርጡ ልጆች፦ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦

ልጆቻችሁ በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍል ሲገቡ በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚመደቡ፣ የምርጫው ቅጽ በዚህ ሳምንት በእነሱው እጅ ይደርሳችኋል። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ የጻፍሁላችሁ፣ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ወላጆች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ስለሚያነሡት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕግ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ ወይም ሥነ ጥበብ ማጥናት የፈለገ ልጅ ነገ ምን ሠርቶ ይኖራል የሚለው ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከቤት ወጪው ቀንሶ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ የዚያን ልጅ እንጀራ ቢያስብ የሚወቅሰው አይኖርም። ሥጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያደርገው አሠራር ሥራ ላይ ሲውል፣ የቦታው ማነስ በብዙዎቻችን ቤት የትምህርቱ ማነስ ተደርጎ ተቆጠረ። «ጎበዝ ልጅ ናቹራል ነው የሚገባው» የሚለው አነጋገርም ከዚያ ወዲህ እየበረታ ሄዶ፣ ጥሩ ውጤት ያላት ተማሪ ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ ስትል ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚመክራት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ይህ አነጋገር ቢያንስ በእኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዳይሰማ እፈልጋለሁ።

ከዚሁ ጋር፣ ሒሳብ የከበደው ልጅ ሶሻል ቢገባ ይገላገላል የሚለው ግምትም መታረም አለበት። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከጂኦግራፊ፣ ከታሪክና ከኢኮኖሚክስ ሌላ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) ይፈተናል፤ የማለፊያው 50 በመቶ ለሁለቱም ዘርፎች አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ይጠብቀዋል፤ ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ የሚያጠናውም የመመረቂያ ጥናቱን ሲሠራ መረጃ በቁጥር መተንተን ይኖርበታል። ስለዚህ ከቁጥር ለመሸሽ ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚላክ ልጅ፣ ፍላጎቱ ሳይጠየቅ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ከሚገፋው ልጅ ባልተናነሰ ይጎዳል።

ወደ ሥራው ጉዳይ ልመለስ። በጋዜጦች ላይ የሚወጡትን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ለጥቂት ሳምንታት ብትከታተሉ፣ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች የኢኮኖሚክስ፣ የማኔጅመንት፣ የሕግ፣ የሶሻል ወርክና የጋዜጠኝነት ምሩቃንን ሲጠይቁ ታገኛላችሁ። በብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ «ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚል ሐረግ አለ፤ ይህ ሐረግ ወላጆች ከሚያስቡት የበለጠ በር ይከፍታል። ሕግ አምስት ዓመት የሚጠይቅ ሲሆን፣ የሕግ ምሩቅ በዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነት፣ በጥብቅና ወይም በድርጅት የሕግ ክፍል ይሠራል። ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ታውቋቸዋላችሁና።

ብዙም የማይታወቀውና እኔ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል የምለው የቋንቋ ትምህርት ነው። የፌዴራል አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ መንግሥት ወስኗል። በፍርድ ቤት ቋንቋውን ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ ሊመደብለት ግድ ነው። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫቸው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ እንግሊዝኛን ከፈረንሳይኛ ወይም ከዐረብኛ ጋር አጥርቶ ለሚያውቅ ሰው በከተማችን ውስጥ ያለው ዕድል በሌሎች ብዙ ከተሞች አይገኝም። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ በትምህርት ቤቱ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ግማሹን መንገድ በነፃ ተጉዟል፤ ይሁን እንጂ መናገር ብቻ ተርጓሚ አያደርግምና፣ ቋንቋውን በሥርዓት ተምሮ በጽሑፍ ሊያሳምረው ይገባል። በስልካችን ላይ ያሉት የትርጉም መሣሪያዎች አማርኛን ሲያበላሹ ሁላችንም እናያለን፤ እነሱን ለማረም ከኮምፒውተር ባለሙያው አጠገብ ሰዋስውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የቋንቋ ባለሙያ መቀመጥ አለበት።

ታሪክን በተመለከተ አንድ ሰው ልጥቀስ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በታሪክ ትምህርት ነው። ከዚያ ወደ ቅርስ ጥበቃ ሥራ፣ ቀጥሎም ወደ ቅድመ ሰው ዘር ጥናት ተሻግረው፣ በአፋር ምድር ወራንሶ ሚሌ በተባለው ቦታ በሚመሩት ቡድን አማካይነት 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የራስ ቅል ለዓለም አበርክተዋል። እርግጥ የታሪክ ተማሪ ሁሉ እንዲህ ያለ ዕድል ይገጥመዋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ላሊበላን፣ አክሱምን፣ የጎንደርን ግንቦች፣ ሐረር ጀጎልንና የኮንሶን እርከኖች በዓለም ቅርስነት ያስመዘገበች አገር የታሪክ፣ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አያያዝ ባለሙያ አያስፈልጋትም ብዬ ለልጆቻችሁ ልነግራቸው አልችልም።

ሥዕል ወይም ሙዚቃ የሚሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሥጋታችሁ የበለጠ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ተሰጥኦአቸውን ያዩ መምህራን ስላበረታቷቸው ወደ ሥነ ጥበብ ተመለሱ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስታወት ሥዕልም የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ዛሬ የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ሆነ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አመልካቾችን በችሎታ ፈተና ስለሚለዩ፣ ልጁ ከወዲሁ ሥራዎቹን እያጠራቀመ ወይም መሣሪያ እየተለማመደ መቆየት አለበት። ከዚያ ለሚመረቀው በማስታወቂያ፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በማሸጊያ ንድፍ፣ በፊልምና በመምህርነት ሥራ አለ፤ ገቢው ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጣ ገባ ይሆናል። ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም።

በአጠቃላይም ዲግሪው ብቻውን በቂ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ካለፈም በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ ማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ችግር የማኅበራዊ ሳይንስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሳይቀሩ ተመርቀው ሥራ ሲጠብቁ አይተናል። በእኔ ግምት ከማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃን መካከል ቶሎ የሚቀጠሩት በሁለት ቋንቋ ጥርት ያለ ዘገባ መጻፍ የሚችሉት፣ ኤክሴል የሚያውቁትና በክረምት ዕረፍታቸው ያለ ክፍያም ቢሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ገብተው ሥራ የለመዱት ናቸው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ስለሆነና የትምህርት ክፍል ምደባ ከዚያ በኋላ ስለሚደረግ፣ ልጃችሁ አሁን የሚመርጠው ዘርፉን እንጂ የመጨረሻ ሙያውን አይደለም።

ልጁ ፊዚክስና ባዮሎጂ በፍላጎት የሚያነብ ከሆነ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይሂድ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እፈርምለታለሁ። በራሱ ጊዜ የሚያነበው ታሪክ፣ የሚከራከረው ስለ ሕግ፣ ደብተሩ ጥግ ላይ የሚስለው ሰው ከሆነ ግን እባካችሁ አትከልክሉት።

የምርጫው ቅጽ የተማሪውና የአንድ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፊርማ ይፈልጋል። ተማሪው ያልፈረመበትን ቅጽ ትምህርት ቤቱ አይቀበልም። በቤት ውስጥ ስምምነት ላይ ያልደረሳችሁ ቤተሰቦች ቅጹን ባዶውን ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር በሥራ ሰዓት ወደ ቢሮዬ ብትመጡ፣ የሁለት ዓመቱን የትምህርት ውጤት አብረን ተመልክተን እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር