ይድረስ ለአብሮ አደጌ፦ የአጋንንቱ ንጉሥና ያላመለስኩልህ ጥያቄ

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። የመጨረሻዋ መልእክትህ አሁንም ስልኬ ላይ አለች። «ሥራ አገኘህ? ምን ላይ ነህ?» ትላለች። ስንቴ ከፍቼ አየኋት! ስንቴ መልስ ጀምሬ አጠፋሁ! ዛሬ ልመልስልህ ነው የተቀመጥኩት። ግን መጀመሪያ ስለ አንድ አኒሜ፣ ስለ አንድ የጃፓን ካርቱን ላውራህ። ካለሱ መልሱ ከአፌ አይወጣም።

ባሕር ዳር ዶርም ውስጥ በፍላሽ ይዘኸው የመጣኸውን ታስታውሳለህ? «ሃታራኩ ማኦ ሳማ»፣ ሠራተኛው የአጋንንት ንጉሥ። እኔ ያኔ ሰይፍና ውጊያ የሌለበት ነገር አይጥመኝም ነበር። «ሰይጣን በርገር ሲሸጥ ማየት ምን ያደርግልኛል?» ብዬህ ተኛሁ። አንተ ብቻህን በጆሮ ማዳመጫ እያየህ አልጋው እስኪነቃነቅ ትስቅ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ከሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ አለኝ። ፈልጌ ከፈትኩት። 13ቱንም ክፍል በሁለት ቀን ጨረስኩት።

ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን አሁን እንዴት እንዳየሁት ልንገርህ። ኤንቴ ኢስላ የሚባለውን ዓለም ሊገዛ ጥቂት የቀረው የአጋንንት ንጉሥ በጀግናዋ በኤሚሊያ ይሸነፋል። ከጦር አለቃው ጋር በበር ሾልኮ ያመልጣል። የሚወድቁት ቶኪዮ ነው። እዚያ ድግምት የለም። ቀንዱ የለ፣ ግርማው የለ፣ ተራ ወጣት ሆኖ ይገኛል። እስከ ትናንት ሠራዊት ሲያዝ የነበረው ሰው ፖሊስ ሲያናግረው አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ወንድሜ፣ እዚህ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቆምኩት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ እሱና አለቃው የሚናገሩት ቋንቋ ለተከታታዩ ሲባል የተፈጠረ ነው። ፖሊሶቹ አይገባቸውም። እነሱም ፖሊሶቹ የሚሉት አይገባቸውም። እኔ አሜሪካ አየር ማረፊያ ስደርስ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ፊዚክስ ያስተማርኩበት ቋንቋ አይደል? መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። አልገባኝም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። የዚያን ቀን ፊቴ ምን እንደሚመስል ያየሁት የአጋንንቱ ንጉሥ ፊት ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ወረቀት ነው። ጃፓን ውስጥ ጃፓናዊ ነኝ ብለህ የቤተሰብ መዝገብ ከሌለህ እንደሌለህ ነው። ባንኩም፣ ቤት ኪራዩም፣ ሥራውም ይከብዳል። ንጉሡ የቀረችውን ጥቂት ኃይል የሚጨርሳት ለጦርነት አይደለም፤ መዝገብ ቤት ያሉትን ሰዎች አፍዝዞ ወረቀት ለማውጣት ነው። አንተ ስታየው እንደ ቀልድ ነበር። እኔ የሥራ ፈቃዴን ወራት ጠብቄያለሁና ሳየው እንባዬ መጣ። ጸሐፊው ሳቶሺ ዋጋሃራ ስደተኛ ምን እንደሚቸግረው ጠንቅቆ ገብቶታል። መጽሐፉ በፈረንጆቹ 2011 ነው መውጣት የጀመረው፣ አኒሜው በ2013። የእኛን ጉዳይ ከእኛ በፊት ጽፎታል።

ከዚያ ቤት ይከራያሉ። ሳሳዙካ የሚባል ሰፈር፣ ዕድሜው 60 ዓመት የሆነ የእንጨት ሕንፃ፣ ቁጥር 201። ስድስት ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ)፣ ማለትም ወደ 10 ካሬ ሜትር የሆነች አንድ ክፍል። እሷን «የአጋንንት ቤተ መንግሥት» ይሏታል። የጦር አለቃው አልሲኤል አሺያ ተብሎ ቤት ይውላል። ያበስላል፣ ያጥባል፣ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ጌታው ትርፍ ነገር ሲገዛ ይቆጣል። እኔም መጀመሪያ ያረፍኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ሆነን። አብሮን የነበረው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ወር በገባ ቁጥር የሽንኩርቱን ሒሳብ እስክሪብቶ ይዞ ያወራርድ ነበር። አሺያን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ። ሰውዬው የለመደውን ክብር ሽንኩርት ላይም ይዞት መጣ።

ንጉሡ ሃታጋያ ጣቢያ አጠገብ ማግሮናልድ በሚባል በርገር ቤት ይቀጠራል። የሰዓት ሥራ፣ ጃፓኖች አሩባይቶ የሚሉት። (ቃሉን ከጀርመንኛ ነው የወሰዱት፤ እኛ «ፓርት ታይም» እንደምንለው።) ልቤን የነካው እዚህ ነው። እኔ የጠበቅኩት እያፈረ፣ እየተነጫነጨ፣ በቀሉን እያሰላ እንዲሠራ ነበር። ሥራውን ይወደዋል! ድንቹ ሲወጣ ሰዓቱን ያያል። ደንበኛ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደመወዙ ሲጨመር ለአሺያ የሚነግረው ድል እንዳደረገ ሰው ነው። ብስክሌቱን ደላሃን ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ እንደ ጦር ፈረስ ነው የሚያያት። ዓለምን የመግዛት ሐሳቡንም አልተወም፤ መጀመሪያ ቋሚ ሠራተኛ ልሁን ነው የሚለው።

ዣንጥላው ያለበትን ቦታ ታስታውሳለህ? ዝናብ ይጥላል። አንዲት ልጅ ዣንጥላ ሳትይዝ ተጠልላ ቆማለች። የራሱን ይሰጣትና በዝናቡ ይሮጣል። ልጅቷ ያሸነፈችው ጀግና ናት፤ እሷም ተከትላው መጥታ ስልክ መልስ መስጫ ውስጥ ተቀጥራለች። አልተዋወቁም። ሲተዋወቁ ከ100 የን ሱቅ የገዛችውን ቢላ ይዛ ትጠብቀዋለች። ፖሊስ ደርሶ የፍቅረኞች ጠብ መስሎት ያስታርቃቸዋል። ያቺ ልጅ ጠላቱ ናት፤ ግን በዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ ከአሺያ በቀር ማን እንደነበረ የምታውቅ እሷ ናት። ይህ ነገር ከገባኝ ወዲህ አንተ በጣም ናፈቅከኝ። እዚህ ማንም እኔን አስተማሪ ሆኜ አላየኝም። አንተ አይተኸኛል።

እናቴ ስልክ ላይ «ምን እያየህ ነው?» ስትለኝ ርዕሱን ነገርኳት። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እውነቷን ነው፣ በእኛ ዘንድ ስሙ በዋዛ አይጠራም። የመጽሐፍ ቅዱሱ እንዳልሆነ፣ የተፈጠረ ዓለም ንጉሥ እንደሆነ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለችና «ዛርስ ቡና አምጡ፣ ሽቶ አምጡ ይል የለ?» አለችኝ። ለካ መንፈስ ሰው ቤት ገብቶ የሰው ነገር ሲያምረው ለእሷ አዲስ አይደለም።

አምስተኛው ክፍል ላይ ሌላው የቀድሞ የጦር አለቃው ሉሲፈር መጥቶ ፈጣን መንገዱ ይፈርሳል። ሕዝቡ ሲሸበር በፍርሃቱ የንጉሡ ኃይል ይመለሳል። ቀንዱ ወጣ። አሁን ይሄዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን ያገኘውን ኃይል የፈረሰውን ለመጠገን ያውለዋል። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኋላ ላይ መልአኩ ሳሪኤል ፊት ለፊቱ የዶሮ ጥብስ ቤት ይዞ ማናጀር ሲሆንም ጠቡ የሚሄደው ሽያጭ ላይ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2022 በሌላ ስቱዲዮ ተሠርቶ ወጥቷል። ሥዕሉ እንደ በፊቱ አልሆነልኝም። ሕፃኗ አላስ ራሙስ መጥታ ንጉሡን «አባባ»፣ ጀግናዋን «እማማ» ስትል ግን ይቅር አልኩት።

እንግዲህ ጥያቄህ። ምን ላይ ነህ አልከኝ። ዶሮ እጠብሳለሁ። የሌሊት ሺፍት፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ሁለት ዓመት ያልመለስኩልህ ይቺን ለመጻፍ አፍሬ ነው። ለአንተ ብቻ አይደለም፣ ተማሪዎቼ ሲጽፉልኝም ዝም ብያለሁ። አንተ ግን እንደማታሳፍረኝ እያወቅኩ ነው የጠፋሁት፤ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።

አሁን ዘይቱ 175 ዲግሪ ሲደርስ በድምፁ አውቀዋለሁ። አዲስ የገባ ልጅ አለ፣ ከአገር የመጣ፣ እንግሊዝኛው ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ደንበኛ ሲያጣድፈው እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አጠገቡ ቆሜ ለደንበኛ የሚባሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ፊደል ካርቶን ላይ ጻፍኩለት። ማስተማር ናፍቆኝ ነበር ለካ።

ቅዳሜ ማታ ሺፍት የለኝም። አንተ ዘንድ እሑድ ይነጋል። ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ፣ እደውልልሃለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል እኩል እንክፈተው። ያኔ ተኝቼብህ ስለነበር አሁን የት የት ቦታ እንደሳቅክ እንድታሳየኝ እፈልጋለሁ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ