ከአርት ሼል በፊት ፍሪትዝ ፖላርድ ነበር

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ባወጣችሁት ጽሑፍ በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ የፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ዋና አሰልጣኝ ለመሆን የበቃው የመጀመሪያው ጥቁር አርት ሼል ነው ብላችኋል። ሼል ሬይደርስ የተባለውን ቡድን የተረከበው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፍሪትዝ ፖላርድ ግን ከእሱ 68 ዓመት ቀድሞ፣ በ1921፣ በዚሁ ሊግ የነበረውን የአክሮንን ቡድን እየተጫወተ ያሰለጥን ነበር። እርማት ያስፈልገዋል።

ፖላርድ በ1894 ቺካጎ ተወልዶ ስሙን የተከለው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1916 መጀመሪያ በሮዝ ቦውል፣ በዓመታዊው የዩኒቨርሲቲዎች ታላቅ ጨዋታ፣ ሲሰለፍ በዚያ ጨዋታ የተሳተፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በዚያው ዓመት መኸር ደግሞ ብራውን ዬልንም ሃርቫርድንም አሸነፈ። ክብደቱ 75 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ተጋጣሚዎቹ ከጣሉት በኋላ ሆን ብለው ሊጎዱት ላዩ ላይ ይከመሩበታል። እሱም ወንድሞቹ እንዳስተማሩት ወዲያው በጀርባው ተገልብጦ፣ ታኬታ ያደረጉ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ሽቅብ ያሽከረክራቸዋል። የሚደፍረው የለም! ያን ዓይነት ብልሃት ለመማር የተገደደ ልጅ ምን ዓይነት ሜዳ ላይ ይጫወት እንደነበር አስቡት።

በ1920 አክሮን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሲሆን ኮከቡ እሱ ነበር። ያም ሆኖ ልብሱን የሚቀይረው ከጓደኞቹ ተለይቶ በቡድኑ ባለቤት የሲጋራ መሸጫ ውስጥ ነበር። ከአክሮን በኋላ በሚልዋኪና በሃመንድ ቡድኖችም ሠርቷል። ከ1934 እስከ 1945 ድረስ ግን ሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። ፖላርድ በዚያን ጊዜ ሃርለም ውስጥ ብራውን ቦምበርስ የተባለውን የጥቁሮች ቡድን ያሰለጥን ነበር፤ ችሎታው እንዳለ ለማሳየት። ሼልን የመጀመሪያው ስትሉት አንባቢ እስከ 1989 ድረስ ብቃት ያለው ጥቁር አሰልጣኝ ያልተገኘ ይመስለዋል። ተገኝቶ ነበር፤ በሩን የዘጉት የቡድኖቹ ባለቤቶች ናቸው።

ፖላርድ በ92 ዓመቱ ያረፈው በ1986 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን በምናሳድግበት ከተማ። የሼልን ሹመት ለማየት ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር። የፕሮ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ያስገባው በ2005፣ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ለትምህርት ቤታቸው ቡድን የሚጫወቱ ልጆቻችን ይህን ሰው ሊያውቁት ይገባል። ስለዚህ እርማቱን በሚቀጥለው እትም፣ ከተቻለም ከፎቶው ጋር እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ