አዲስ አበባ የራሷን ጃዝ ራሷ ታስቀርጽ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከተማችን የጃዝ ሙዚቀኞች ሥራ በአንድ የስብስብ አልበም እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ጥያቄዬን ላስቀድም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ የሚጫወቱ ባንዶችን ስቱዲዮ አስገቡልን። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የራሳቸውን ሥራ ያስቀርጹ። አንድ አልበም ይውጣ፤ ሽፋኑ ላይም የከተማዋ ስም ይጻፍ። በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው።

«ቢሮው እኮ አሳታሚ አይደለም» የምትሉኝ ይመስለኛል። ልክ ናችሁ። ግን ይቺ ከተማ በአንድ ወቅት የራሷ ባንድ ነበራት። ማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ነበረው። ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ አስተማሪና አቀናባሪ ሠርቶበታል። ጌታቸው መኩሪያም ሙያውን የጀመረው እዚያው ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ነው። ጊዜው 1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር። ያ ልጅ በኋላ ሽለላን ከሸላዩ አፍ ወስዶ በሳክስፎን አስጮኸው። የሰማ ሁሉ ጎራዴ የተመዘዘ እስኪመስለው ድረስ። ስለዚህ አዲስ ነገር ጀምሩ እያልኩ አይደለም። የቀድሞዎቹ ሹሞች ያደርጉት ከነበረው ትንሿን ቁራጭ ብቻ ነው የምጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዓለም የእኛን ጃዝ የሚያውቀው በስብስብ አልበም ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ አልበሞች አውጥቷል። አምሃ እሸቴ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው ይባል ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ፣ ደፍሮ አሳተመ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ። ማታ ሙዚቃ መስማት የፈለገ ሰው ሆቴል ገብቶ እስኪነጋ መቆየት ግድ ሆነበት። አምሃም አገር ለቆ ወጣ። ሸክላዎቹ በየቤቱ አቧራ ጠጡ።

እንደገና ወደ ጆሮ የመለሳቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በተከታታይ አወጣቸው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ያንን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ ኢትዮ ጃዝን ያልሰማ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ጌታቸው መኩሪያ ከኔዘርላንድስ ባንድ ጋር አውሮፓን የዞረው፣ ዘፋኙና ፒያኒስቱ ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ ከፈረንሳይ ልጆች ጋር አዲስ አልበም ያወጣው በዚሁ በር ነው። ሰውየውን ማመስገን ይገባል። እኔም አመሰግናለሁ።

ነገር ግን አልበሞቹ ውስጥ ያለችው አዲስ አበባ የየትኛው ዘመን አዲስ አበባ ናት? በአብዛኛው ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ያለችው ናት። ለውጭ ሰው ጃዛችን እዚያ ላይ ቆሟል። እንግዳ ሆቴል ገብቶ ባንዱን «ያንን የፊልሙን ተጫወቱልኝ» ይላል። ባንዱም ይጫወትለታል፤ ምን ያድርግ፣ እንጀራ ነው። ራሱ የጻፈውን ሙዚቃ የሚያቀርበው ታዳሚው ሲሳሳ፣ አስተናጋጆች ወንበር መደርደር ሲጀምሩ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሙዚቃ የያዘውን ስብስብ የሚተካ ካልወጣ ይሄ አይለወጥም።

ሙዚቀኛ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን አልጠፋም። ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍን አለ፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ላይ ሥራውን የሰማችሁት። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 የራሱን አልበም ያወጣው በእንግሊዝ አሳታሚ ነው። ግሩም መዝሙር የድሮውን የከተማ ሙዚቃ በጊታርና በአኮርዲዮን አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ከበሮ መቺው ተፈሪ አሰፋ በነጋሪት ባንድ የየብሔረሰቡን ምት ወደ ጃዝ ያመጣል። እነዚህ ስማቸው የወጣላቸው ናቸው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚወጡትን፣ በየሆቴሉ ሎቢ ጥግ ላይ ቆመው የሚጫወቱትንስ ማን ያውቃቸዋል?

የእነዚህ ልጆች ሥራ ዛሬ ያለው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። አንዱን ቪዲዮ ልንገራችሁ። ልጁ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይጀምራል። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቤዙ ከሥር ይከተለዋል። ልክ ነገሩ ሊፈነዳ ሲል አጠገብ ያለ ሰው «እዚህ ጋ ሁለት ድራፍት!» ይላል። ሰሃን ይንኳኳል። የቀራጩ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ከዚያ ቪዲዮው ይቆረጣል። የተጫዋቹ ስም የለም፣ የሙዚቃውም ስም የለም። ከሥሩ አንዱ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጽፏል። ሳቅሁ፤ ግን ያናድዳል። እኛ ዘፈን የሌለውን ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ብለን ለማስታወቂያ ማጀቢያ ነው የምናውለው።

ጃዝ የሚቀርብባቸው ቤቶችም አይቆዩም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ በእሳት ሄደ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ተነሳ። መንገዱ አያስፈልግም አልልም፣ በእግሬ እሄድበታለሁ። ግን ቤት ሲፈርስ ካሳና ምትክ ይጠየቃል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሲጫወት ለኖረው ሙዚቃ ምትክ የሚጠይቅለት የለም። ያልተቀረጸ ሙዚቃ ደግሞ ካርታ የለውም።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ስብስብ ወጣ። ዘጠኝ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ፣ ሙዚቃውን የመራውም ራሱ ሳክስፎኒስት የሆነው ሻባካ ሃቺንግስ ነው። እዚያ አልበም ላይ ከነበሩት አንዱ ኢዝራ ኮሌክቲቭ፣ በ2023 መርኩሪ የተባለውን የብሪታንያ የአልበም ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው የጃዝ ባንድ ሆነ። ጆሃንስበርግም በ2021 የራሷን አወጣች። ታንዲ ንቱሊና ሲያቦንጋ ምተምቡ የተባሉ ሙዚቀኞች ናቸው ሰብስበው የመሩት። ሁለቱንም ያሳተመው የለንደን ኩባንያ ነው፣ እውነት ለመናገር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኩባንያ ስለሌለ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። ለሦስት ቀን ስቱዲዮ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ አንድ ትልቅ የመክፈቻ ዝግጅት ለመድረክና ለባነር ከሚያወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

እሺ ካላችሁ፣ አሠራሩ ላይ የምለምናችሁ አለኝ።

ምርጫውን ለሙዚቀኞች ተዉት። ኮሚቴ አቋቁማችሁ ከየክፍለ ከተማው በኮታ አንድ አንድ ባንድ እንዳትሉን። ውድድርም አታድርጉት። ሁለት የተከበሩ ሙዚቀኞች ይምረጡ፣ ይመሩ፣ እናንተ ደግሞ ስቱዲዮውን ክፈሉ። ስለ ልማት የሚያወራ ግጥም አይጨመርበት። ባለሥልጣን ሽፋኑ ላይ አይውጣ፤ መቅድም ካስፈለገ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ይጫወት። ዛሬ የለመድነው ኪቦርዱን ሰኞ፣ ሳክሱን ሐሙስ መቅረጽ ነው፤ ከበሮውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ይመታዋል። ለዘፈን ሊሆን ይችላል፣ ለጃዝ ግን አይሆንም። ጃዝ ማለት አንዱ ሌላውን ሰምቶ መመለሱ ነው። ማሲንቆና ክራር የሚጫወቱትም ይግቡ። የኢትዮ ጃዝ ሥሩ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አይደሉም እንዴ? ደግሞ ከቀረጻው ቀን በፊት የመብራት ነገር ይታሰብበት፤ ጄኔሬተሩ ከማይክራፎኑ ራቅ ይበል።

ክፍያ ይኑር። «ለከተማችሁ ነው፣ ለታሪክ ነው» ተብሎ በነፃ የሚያጫውቷቸው በዝተዋል። አንድ ሳክስፎኒስት ሪድ (የሳክስፎኑ አፍ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) ሲያልቅበት አሜሪካ ያለ ዘመድ እስኪመጣ ይጠብቃል። ከሌለ የተሰነጠቀውን እየጠጋገነ ይነፋል። ለዚህ ልጅ ታሪክ ሪድ አይገዛለትም። የተቀረጸው ሥራ መብትም የሙዚቀኛው ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያም አለ። የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ አሰባሰቡ በሥራ ላይ ሲንገዳገድ ስንት ጊዜ እንዳየን እናንተም ታውቃላችሁ። ይሄ አልበም ቢያንስ ውሉ በግልጽ የተጻፈ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ የታወቀ ይሁን። የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ የድምፅ መሐንዲሱም ሳይቀር፣ ይጻፍ። በድሮዎቹ ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም እያለ ከኋላ የነፋው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዛሬ ሽማግሌ ፍለጋ የሚዞር ሰው ብዙ ነው።

ስርጭቱ ላይ ብዙ አልልም። ኢንተርኔት ላይ ይጫን፣ ጥቂት ሸክላም ይታተም፤ ሸክላ የሚሰበስብ ፈረንጅ ዋጋ አይጠይቅም። ቦሌ የሚያርፍ እንግዳ እንዲያገኘው፣ አየር መንገዳችንም ተሳፋሪ እንዲሰማው ብታነጋግሯቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ምረቃውን ፒያሳ አድዋ መታሰቢያ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። አዳራሹ የከተማው ነው፣ ሠፈሩም የድሮ የሙዚቃ ሠፈር ነው። ቀኑ ካስቸገራችሁ ዓለም አቀፉ የጃዝ ቀን ሚያዝያ 22 ይውላል። የዘንድሮው ባይደርስ ለቀጣዩ ይደርሳል።

ለጊዜው በጀት እንኳ አልጠይቅም። ሙዚቀኞቹን አንድ ከሰዓት በኋላ ጠርታችሁ አነጋግሩ። ጠዋት አይሁን፤ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጃዝ ምሽት ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት
በየሆቴሉ ሎቢ ለሚጫወቱ ባንዶች በሙሉ