ጥላ ያለበት ግቢም ያብባል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

እዚህ ደብረ ብርሃን ሰው «ጓሮዬ ጥላ ነው፣ ምንም አይጸድቅበትም» እያለ ሲሚንቶ ሲያፈስበት ሳይ ያንገበግበኛል። እኔም ላደርገው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከቤቴ በስተደቡብ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ በምታዘነብልበት ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ ጓሮዬ ከረፋድ በኋላ ፀሐይ አያይም። አንድ ችግኝ ሻጭ «ዓመቱን ሙሉ ያብባል» ብሎ ቡገንቪላ ሸጠልኝ። ቡገንቪላ ጠራራና ሙቀት ይወዳል፤ እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ መታው፤ ጠዋት ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ አገኘሁት።

ያን ጊዜ የእናቴ አገር አንኮበር ትዝ አለኝ። እዚያ ጠንበለል የሚባለው የአበባ ሐረግ በጥድና በወይራ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ሐምሌ ላይ ከዘመድ አጥር ዘጠኝ ቁራጭ አመጣሁ፤ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ፣ አንድ አንጓ ከላይ አድርጌ ተከልኩ። አራቱ ያዙልኝ። ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወጣው ቅጠሉ በበጋም አይረግፍም። እምቡጡ ከውጭ ቀላ ይላል፣ ሲፈነዳ ነጭ ነው፤ ማታ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ሐረግ ቢሆንም ካበበ በኋላ ስለምከረክመው ቁጥቋጦ ሆኖልኛል። የጠዋት ፀሐይ በምትደርስበት ጥግ ደግሞ አምጃ የሚባል ቁጥቋጦ አለኝ፤ አበባው ደማቅ ቢጫ፣ ቅጠሉ ዝናብ ሲነካው ቅመም ቅመም የሚሸት።

ጠላቴ መስሎኝ የኖረው ጥላ፣ የዛፍ ሲሆን ለካ ጠባቂም ነው። ውርጭ የሚበረታው ሰማይ በጠራበት ሌሊት ገላጣ ቦታ ላይ ነው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ከላይ ካለ መሬት የያዘችው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ውሃ ግን አታብዙ። ጥላ ውስጥ አፈር ቶሎ ስለማይደርቅ ሥሩ ይበሰብሳል።

ቅሬታዬ ችግኝ በሚያፈሉት ላይ ነው። በዞርኩባቸው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ጠንበለልና አምጃ ግን ጠይቄ አጣሁ። ለመግዛት ፈልጎ ያጣ ሰው ከወፍ ዋሻ ደን ነቅሎ ያመጣል ብዬ እሰጋለሁ። ጠንበለል ከቁራጭ፣ አምጃ ከዘር ይፈላል፤ በዚህ ክረምት ከባሕር ዛፉ መደብ አንዷን ብቻ ለእነሱ ይልቀቁላቸው። ለጠንበለሉ ቁራጭ ከእኔ ጓሮ መውሰድ ይችላሉ።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን