ጥር ላይ የቆመው የፊዚክስ ደብተር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ልጄ 11ኛ ክፍል ነች። ባለፈው እሁድ ደብተሮቿን ሳገላብጥ የፊዚክሱ ጥር ላይ ቆሟል። መጨረሻው ገጽ ላይ አምፖልና ባትሪ ተስሏል፤ ሽቦው እንኳ አልተገናኘም። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው። «ቲቸር ለቀቀ፣ ምትክ አልመጣም» አለችኝ። በክፍለ ጊዜው የጂኦግራፊ መምህሩ ገብቶ ዝም ያሰኛቸዋል። እሱን አልወቅስም፤ የራሱም ሥራ ከአቅሙ በላይ ነው። የለቀቀውንም አልወቅስም። ሰፈራችን ባጃጅ ሲነዳ አግኝቼዋለሁ። የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር መድረስ አቅቶት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ብዙዎቻችን ልጆቹን ተቆጣን። መምህር ያላገኘ ልጅ ምን ይመልስ?

መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው በጀት ከደመወዝ ብዙም አያልፍም። ለቤተ ሙከራና ለመጽሐፍ ሲሆን «ወላጅ ያዋጣ» ይባላል። እናዋጣለን። ዘንድሮም መስከረም ላይ ከፍያለሁ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ግን የተለጠፈ አንዲት ወረቀት አላየሁም። ስብሰባ ላይ ስጠይቅ «ለወረዳ ሪፖርት ተደርጓል» ተባልኩ። ወረዳ ስሄድ ደግሞ «ትምህርት ቤቱን ጠይቁ» አሉኝ።

ገቢና ወጪው በር ላይ ይለጠፍልን። የትኛው ትምህርት መምህር እንደሌለውም በየወሩ ለወላጅ ይነገር፤ እኔ ከደብተር ላይ ማወቅ አልነበረብኝም። የልጄ ፈተና ሰኔ ላይ ነው።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ