የአባባን መስኮት ከማስነቀልሽ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንደምን አሉ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እንዲህ ብዬ ስጀምር እጄ ከበደኝ። አባባ ያረፉት በነሐሴ 2015፣ መንገዱ ተዘግቶ ኢንተርኔቱም በተቋረጠበት ሰሞን ነበር፤ እኔ የሰማሁት ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለቅሶ አልደረስኩም። ያን ጊዜስ መንገድ አልነበረም እንበል፤ መንገዱ ሲከፈት ግን አልመጣሁም፣ ስልኩ ሲሠራም አልደወልኩም። ቀኑ በገፋ ቁጥር አፌ ተያዘ። በቤታችሁ አድጌ፣ ከእጃቸው በልቼ፣ አፈር ሲለብሱ አለመቆሜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አንቺም ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ወሬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከእናንተ አገር፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ የመጣ ዘመዳችሁ ገበያ ላይ አገኘኝና፣ የቤታችሁን መስኮቶች ሁሉ አስነቅለሽ በአልሙኒየም ልታስለውጪ እንደሆነ፣ ሠራተኞቹም ለክተው መሄዳቸውን ነገረኝ። ቤቴ ስገባ ያን በ2016 በሰው እጅ የላክሽልኝን ደብዳቤ ከሣጥን አወጣሁት። «ሌሊት ንፋስ ይገባል፣ መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ያለቅሳል፣ እናቴም ሳል ይዟታል። አንቺ የራስሽን ለውጠሽ የለ? ምን ይሻለኛል?» ትያለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው። ሰዎቹ ዲጂኖ ይዘው ሳይመለሱ ይድረስልሽ ብዬ ይኸው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጫለሁ።

የእኔን የለወጥኩት በኅዳር 2015 ነው። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ታውቂዋለሽ፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ያድራል። አንድ ጠዋት ተነስቼ ሳይ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ውሃ ያወርዳል፣ መጋረጃው ረጥቧል፣ የልጄ ፍራሽ በጠርዙ ሻግቷል። ተናደድኩ። በዚያው ሳምንት ሰባቱንም መስኮት በአንድ ጊዜ አስነቀልኩ። አምስቱ ዝገት የበላቸው የብረት ናቸው፤ ለእነሱ አላዝንም። ሁለቱ ግን ከድሮው ባለቤት የቀሩ የጽድ መስኮቶች ነበሩ። ሠራተኛው መቃኑን በመጥረቢያ ሲሰነጥቀው ውስጡ ቀይ፣ ደረቅ፣ ሽታው ገና ያልጠፋ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ተልጦ፣ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ረግፎ ነው እንጂ እንጨቱስ አንዳች አልሆነም። ቆሜ እያየሁ «ተው» አላልኩም። ማገዶ ሆነ።

አዲሱ በተገጠመ ማግስት መስታወቱ እንደ ቀድሞው ውሃ ያወርድ ነበር። አልሙኒየሙም ጭምር አልቦት አደረ። ያ ውሃ ከውጭ የገባ አልነበረማ! የእኛው ትንፋሽ፣ የወጡ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ እርጥበት ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። አልሙኒየም ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ እንጨትን ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በመሐሉ ፕላስቲክ ገብቶ ብርዱን የሚያቋርጥ ዓይነት አለ፤ እኔ ያስገጠምኩት ግን እንዲያው ባዶውን ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሁሉንም መስኮት ለሩብ ሰዓት ያህል እከፍታለሁ፣ ልብስ ውጭ እሰጣለሁ፤ ያን ሁሉ ብር ካወጣሁበት ይልቅ የመስታወቱን ለቅሶ ያስቀረልኝ ይኸው ነው። ለአንቺም የማለዳው ውሃ ብቻውን መስኮት የማስለወጫ ምክንያት አይሁንሽ።

ከዚህ የባሰም አለ። የገና ዋዜማ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ሳሎን አስገባሁ፤ ቡናም ላፈላ፣ ቤቱም እንዲሞቅ ብዬ። ስንት ዘመን እንዲያ ስናደርግ ኖረናል። አዲሱ መስኮት ግን ጎማ አለው፣ ዙሪያውም በሲሊኮን ታትሟል። ቶናው ሳይቀዳ ትንሿ ልጄ «ራሴን» አለች፤ ልትነሳ ስትል ወደቀች። እኔም ስነሳ ጉልበቴ አልታዘዝልሽ አለኝ። በሩን በርግጄ እየጎተትኩ አወጣኋት። ውጭ፣ በዚያ ብርድ ላይ ተኝታ ዓይኗን እስክትገልጥ የነበረውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። የከሰሉ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ቀድሞ በየስንጥቁ እየወጣ ነው ያኖረን። ስለዚህ እህቴ፣ መስኮትሽን ባጠበቅሽበት ቀን ከሰሉ ከተዘጋ ቤት ይውጣ። ረመጥ ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል ብለሽ አትመኚው፤ ጋዙ ከረመጡም ይወጣል። ይህን ደብዳቤ ሌላ ምንም ሳይኖርበት ለዚህ ብቻ በጻፍኩልሽ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። የሳሎኑን መስኮት አባባ ሲሠሩ አስታውሳለሁ፤ እኛ አራተኛ ክፍል ነበርን። ጽዱን ሁለት በጋ ቆጥ ላይ ከጭሱ በላይ አጋድመው አደረቁት፤ እማማ «መች ነው የሚገጠመው?» ሲሉ «እንጨቱ ሲል» ይሉ ነበር። በመላጊያ ሲልጉት ፍቅፋቂው እግራችን ሥር ይከመር ነበር፤ አንቺ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ጉትቻ ነው ትዪ ነበር። ከታችኛው መቃን በታች ለዝናቡ መንጠባጠቢያ ቦይ ሲያወጡለት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅተዋል። ያ መስኮት ያልበሰበሰው በዚያች ቦይ ነው ብል አልዋሸሁም። ደግሞስ ወደ ደቡብ አይደል የሚያየው? በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ብርዱ በሚጸናበት ወር ቀኑን ሙሉ ወደ ሳሎን የምትገባው በእሳቸው መስኮት ነው። በሰኔ እኩለ ቀን ላይ በስተሰሜን ስለምታልፍ በዚያ በኩል አትገባም። በስተሰሜን ያለችውን መስኮት እንደ ጡብ ያሳነሷትም ለዚሁ ነው። የመንዝ ሰው በድንጋይ ቤቱ ላይ መስኮት የሚያሳንሰው ንፋሱን አውቆ ነው፤ ማንም ሠራተኛ «ጠበበች፣ እናስፋት» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ።

ታዲያ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚለውን መስታወቱና ቀለሙ አይነግሩሽም፤ የሚነግርሽ መቃኑ ነው። የእማማን የስፌት ወስፌ ውሰጂና የታችኛውን መቃን በሁለቱ ማዕዘን በኩል ውጊው፤ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነው። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው። እንደ ሊጥ ሰርጎ ከገባ በስብሷል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የታችኛው ብቻ ከሆነ ያንን ክፋይ ቆርጦ በደረቅ ጽድ መተካት ይቻላል። መቃኑ ከየማዕዘኑ ተላቆ ሲነቀነቅ፣ ብስባሱም ወደ ላይ ሲወጣ፣ ያኔ ይበቃዋል፤ አውጪው።

ንፋሱ በየት እንደሚገባ ደግሞ ነፋሻማ ማታ ጧፍ አብሪና በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ መጋረጃውን ግን አስቀድመሽ አውልቂ። ነበልባሉ የሚዘነበልበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። በግድግዳውና በመቃኑ መሐል ከሆነ ምርጊቱ ነው የለቀቀው፤ መስኮት ብትለውጪም ያው ቀዳዳ ይጠብቅሻል። በመስታወቱ ጠርዝ ከሆነ ስቱኮው ነው። የዱሮው ስቱኮ የነጭ ኖራ ድንጋይ ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ ነው፤ ተልባ ለመንዝ ሰው ብርቅ አይደለም። የደረቀውን ፍቆ፣ እንጨቱን ዘይት አጠጥቶ፣ አዲስ መምረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በመዝጊያው ዙሪያ ከሆነ ማጠፊያውን ማጥበቅና ቀጭን ጎማ መለጠፍ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀሽ እዪልኝ። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በግድግዳው ላይ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለ? ካለ ትንሽ ጀሶ ስንጥቁ ላይ ለጥፊና ቀኑን ጻፊበት። ከወራት በኋላ ጀሶው ተሰንጥቆ ካገኘሽው ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ቤት ላይ አዲስ መስኮት መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ መሠረቱና የዝናብ ውሃው መሄጃ ይታይ።

የወጥ ቤቷን የላሜራ መስኮት ግን ሳትወላውዪ ለውጪያት። በደብዳቤሽ «መስታወቷ ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሦስቴም በዚያው ጥግ ተሰነጠቀ» ብለሻል። ዝገት ከብረቱ ከራሱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ እያበጠ መስታወቱን የሚገፋው እሱ ነው። አራተኛ መስታወት ብትገዢ አራተኛውም ይሰነጠቃል። ስታሠሪያት ደግሞ ከፍ ብላ የምትከፈት፣ ጭስ የምታስወጣ ትሁን። የእማማ ሳል ከሳሎኑ ንፋስ ይልቅ ከወጥ ቤቱ ጭስ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሐኪም ይያቸው፤ በመስኮት ብቻ አታሳቢው።

ለብርዱ ደግሞ ወፍራም መስታወት እንሸጥልሽ ይሉሻል፤ ለእኔም ብለውኛል። 3 ሚሊሜትሩን በ6 ብትቀይሪው ለብርድ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለጥንካሬና ለድምፅ ይሆናል እንጂ። ብርድ የሚከለክለው በሁለት መስታወት መሐል የታሰረ አየር ነው፤ በመስታወቱ የሚያልፈውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ዘመዳችሁ እንዳለኝ ለአንቺ የለኩልሽ ተንሸራታቹን አልሙኒየም ነው፤ እሱ ደግሞ በማጠፊያ ከሚዘጋው መስኮት ይበልጥ ንፋስ ያሳልፋል። ዋጋውም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሚቀመስ አልሆነም።

እኔ የምልሽ ይህ ነው፦ የአባባን መስኮት አትንኪው፤ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ጨምሪበት። የግድግዳችሁ ውፍረት ክንድ ያልፋል፤ የእሳቸው መስኮት ከውጭ ጠርዝ ላይ ነው፣ ከውስጥ በኩል ድመት የምትተኛበት ያህል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቀላል የእንጨት ክፈፍ፣ ባለ አንድ መስታወት፣ ወደ ውስጥ የምትከፈት መዝጊያ ይገጠም። ሁለቱ መሐል የታሰረው አየር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ባናውን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እንደ መጋረጃ ጣዪበት። የእኔን ሁለት የጽድ መስኮቶች ይዤ ቢሆን ኖሮ የማደርገው ይህንኑ ነበር።

ጊዜውንም ልንገርሽ። አሁን በጥቅምት አትጀምሪ፤ አንድ መስኮት ተነቅሎ ሠራተኛው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ከቀረ፣ እማማ በመንዝ ውርጭ ግድግዳው ተከፍቶ ነው የሚያድሩት። ለዚህ ወር በየስንጥቁ ጨርቅ ወትፊ፣ ማጠፊያዎቹን አጥብቂ። ከጥምቀት በኋላ፣ በልጉ ሳይጥል ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመረጠ ነው፤ ብርዱ ይረግባል፣ ምርጊትም ቀለምም ይደርቃል። እንጨቱን ግን ከአሁኑ ፈልጊ። ጥሬ ጣውላ ይሻልሻል ብሎ የሚያመጣ አናጢ ካለ መልሺው፤ በበጋው ተጣሞ መዝጊያው አልገጥም ይላል። አባባ ሁለት በጋ የጠበቁት ወደው አልነበረም።

ለሠራተኞቹ ቀብድ ሰጥተሽ ከሆነም ለወጥ ቤቷ ያውሉት።

የውስጡን ክፍተት ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኪ፤ ከፍታውንም ከግራ፣ ከመሐል፣ ከቀኝ። የድንጋይ ቤት ነውና አይመሳሰልልሽም፤ ከሦስቱ ትንሹን ጻፊልኝ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም በሁለቱም በኩል ለኪ። እዚህ የማምነው አናጢ አለ፤ ቁጥሩ ከደረሰኝ ክፈፉን እሱ ይሠራዋል። በጥር መጨረሻ በጣርማ በር፣ በሞላሌ አድርጌ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። መቃብራቸውን ታሳይኛለሽ።

እስከዚያው የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ስልኬ የድሮው ነው፣ አልተለወጠም።

አብሮ አደግሽ