በክርስትና መዝገብ ማውጫ ላይ የተፈጸሙ ስሕተቶች እንዲታረሙ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የአብያተ ክርስቲያናትን መዛግብት በኢንተርኔት ለሚያቀርበው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ ማውጫ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘውን የአጥቢያችንን የክርስትና መዝገብ ፎቶ አንሥቶ፣ በስም የሚፈለግበት ማውጫ አዘጋጅቶ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ዓመታዊ ክፍያዬን ሳላቋርጥ የቤተሰቤን የትውልድ ሐረግ ስፈልግበት ቆይቻለሁ። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ አይጥና ርጥበት ሊያጠፉት ይችሉ የነበረውን መዝገብ ስላተረፋችሁልን ከልቤ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ በማውጫው ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ ምዝገባ ላስረዳ። ካህኑ በእጃቸው የጻፉት፣ እኔም ፎቶውን አጉልቼ ያነበብሁት፣ ሰኔ ፲፯ ቀን የተወለደች ሕፃን ጳጉሜን ፮ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ወለተ ሚካኤል ተብላ መጠመቋን ነው። ይህች ሕፃን የእናቴ የአክስት ልጅ ናት። በማውጫችሁ ግን «ወልደ» የሚባል፣ አባቱ «ሚካኤል» የሆነ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የተጠመቀ ወንድ ሆና ገብታለች፤ የክርስትና እናቷም ወላጅ እናቷ ተደርገዋል። በአንድ ምዝገባ ላይ ስሟ፣ ጾታዋ፣ አባቷ፣ እናቷ፣ ወሩና ዓመቱ ሲበላሹ ሳይነካ የቀረው የቀኑ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህን ስሕተት ለማወቅ የድጓ መምህር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ምዝገባው ራሱ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የተወለደችበትን ሰኔ 17 ጨምሮ የሚቆጥር ሰው 80ኛውን ቀን ጳጉሜን 6 ላይ ያገኘዋል፤ ነሐሴ 6 ግን 50ኛው ቀን ስለሆነ ለወንድም ለሴትም አይስማማም። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነውም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው። ዓመቱን በ5500 ላይ ደምሮ ለ4 ማካፈል ዓመቱ በስሙ የሚጠራበትን ወንጌላዊ ያሳያል፦ 1959 ሲደመር 7459 ይሆናል፣ ለ4 ተካፍሎ 3 ይተርፋል፣ ይህም ሉቃስ ነው፤ 1969 ግን 1 ስለሚተርፍ ማቴዎስ ነው። የፈዘዘው ቁጥር ፶ ይሁን ፷ የተጠራጠረ ሠራተኛ ካህኑ ከጎኑ «ዘመነ ሉቃስ» ብለው የጻፉትን ቢያይ ኖሮ ጥርጣሬው እዚያው ያበቃ ነበር። ክርስትና የሚያነሣው ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት መሆኑም፣ ምዝገባው የክርስትና እናት እያለ ሕፃኑ እንዴት ወንድ ሊሆን እንደቻለ ሊያስጠይቅ ይገባ ነበር።

ጳጉሜን ወደ ነሐሴ የተለወጠችበትን ምክንያት ከመፈለጊያ ቅጻችሁ ተረድቻለሁ፤ የወሮቹ ዝርዝር 12 ብቻ ነው። እንግዲህ በጳጉሜን የተጠመቀ ሰው ሁሉ በማውጫችሁ ያለ ወሩ ተመዝግቧል ማለት ነው። ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረና ተክለ ተቀጽላቸው ተነጥሎ ብቻቸውን የሚቆሙ ስሞች ስላልሆኑ፣ ለሁለት የተቆረጠ የክርስትና ስም ታቦቱን ወይም መልአኩን የልጁ አባት ያደርገዋል። በተጨማሪም ሥላሴን በእሳቱ ሰ፣ ኃይሉን በሃሌታው ሀ የጻፈ ሰው ከማውጫው ምንም አያገኝም። ካህናቱ የጻፉት ፊደል ይለወጥ አልልም፤ እንዳለ መቆየት አለበት። ፍለጋው ግን ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ ሊያይ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለፊደል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በጎጃም ትውልድ የሚቆጠርበት ጉዳይ ብርቱ ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ የክርስትና ልጅነትም እንደ ሥጋ ዝምድና ይታያል። ወለተ ሚካኤል በወጣትነቷ ወደ መተከል ተድራ ሄዳ እዚያው ያረፈች በመሆኗ ከእኛ ወገን በዐይን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ባለፈው ጥር የልጅ ልጇና የወንድሜ ልጅ ሳይተዋወቁ ቆይተው ለመጋባት ሲያስቡ፣ ወጣቶቹ የእናቴን አክስት ስም «እናት» በሚለው ቦታ አስገብተው የአክስቲቱን ልጆች ዝርዝር ከማውጫችሁ አትመው ለሽማግሌዎቹ አቀረቡ። ወለተ ሚካኤል በዝርዝሩ አልነበረችም። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አምነው ሊነሡ ሲሉ ነው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በቃላቸው ቆጥረው ሁለቱን በአራት ቤት ያገናኟቸው። ነገሩ ቀለበት ሳይደረግ ቆመ፤ የሁለቱ ልጆች ሐዘን ግን እስከ ዛሬ ከቤታችን አልወጣም። ማውጫው ትክክል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ገና ሳይጠነክር በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ይህንኑ በጽሑፍ ባመለክት፣ ማውጫው በሁለት አንባቢዎች ታይቶ የጸደቀ ስለሆነ አይለወጥም የሚል አጭር መልስ ደረሰኝ። ሁለቱም አንባቢዎች ጳጉሜን በሌለችበት ቅጽ ላይ ከጻፉ ሁለት መሆናቸው ስሕተቱን አላዳነውም። ፎቶው በእጃችሁ ነውና ፍረዱ።

ስለዚህ ገጻቸውንና ተራ ቁጥራቸውን በአባሪ ያያያዝኋቸው ምዝገባዎች ከፎቶው ጋር ተመሳክረው እንዲታረሙ፣ ጳጉሜን በቅጹ እንድትገባ፣ የክርስትና ስም ሳይቆረጥ በራሱ ቦታ እንዲጻፍ፣ የክርስትና አባትና እናትም ከወላጆች እንዲለዩ እጠይቃለሁ። መዝገቡ በሙሉ የግእዝ ቁጥርና ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት) በሚያውቅ ሰው እንደገና ይነበብ፤ የአጥቢያው ካህናት ቢጠየቁ የሚተባበሩ ይመስለኛል። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ከእያንዳንዱ የፍለጋ ውጤት አጠገብ ፎቶው እንዲታይና አንባቢ ያገኘውን ስሕተት የሚያመለክትበት ቦታ እንዲኖር፣ የቀድሞው ንባብም ሳይጠፋ እርማቱ ከጎኑ እንዲጻፍ አሳስባለሁ።

የወሰናችሁትን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢው ደንበኛ
ደብረ ማርቆስ